አርባ ሦስት ዶላር

ቤትህን ተናዘዝክልኝ፣ ኔቪል፤ ግቢውን ግን ማን ይረከበው?
ከአጥሩ እስከ ደጃፉ እሾህ ነው የከበበው።
ቢጫ አበባ ደፍቶ ከመንገድ ሲያዩት የሚያምር፣
ሲቀርቡት ግን ካልሲ የሚዘነጥል፣ ክንድ የሚቦጭር።
ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ሆዱ የወጣ የልብስ ማጠቢያ፣
አንድ ጀልባ፣ ባሕር የረሳው፣ የፔንግዊን ማደሪያ።
(ጀልባውን አልነካም፤ ተከራይ አለው።)

ሚያዝያ ነው፤ እዚህ በዓለም ጭራ፣ በኦማሩ፣ ቅጠል የሚረግፍበት፣
ነፋሱ ከደቡብ በረዶ ሳይነካ የማይመጣበት።
ፖስተኛዋ ደብዳቤውን አጥሩ ላይ ሰክታ ነው የምትሄደው፤
"እዚህ ቤት ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ ትናንት። ምን ብዬ ልመልሰው?

ኪሴን ፈተሽኩ። አርባ ሦስት ዶላር።
ዳቦና መብራት ሲቀነስ፣ ይኸው ነው የተረፈኝ ለአፈር።
የችግኝ ሱቁን ዞርኩት፣ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ኮራ ብዬ፤
አንዷ ዛፍ ስድሳ ዶላር! ዋጋዋን አነበብኩ፤ አፈረ ቦርሳዬ።

ስለዚህ በጉልበት። ዶማህ ከመጋዘን ዝጎ ወጣ፣
በሁለተኛው ምት እጀታው ተገንጥሎ መጣ።
ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉት ይኸው ነው፤ ወረወርኩት፤
እሾሁን በዓሣ ማጥመጃ ጓንትህ አንድ በአንድ ነቀልኩት።

አራት ዶላር፦ ሁለት ጆንያ የበግ ፍግ፤
ከገበሬው ደጅ ሻጭ የለም፣ የሳንቲም ቆርቆሮ ብቻ፤ ማንም ሳያየኝ ከፈልኩ፣ በወግ።
ነጭ ድንጋይ በነጻ፦ ከካባው በር፣ ሲጠረብ የተሰበረ፤
"ውሰጂው፣ እኛን መንገድ ዘጋን" አለ ጠባቂው፤ ጋሪዬ እስኪያቃስት ጨመረ።
የላቬንደር ቅርንጫፍ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ። ይህን አልሰረቅኩም፤
አትክልተኛዋ መቀሷን አውሳኝ ጀርባዋን አዞረች፤ "እኔ" አለች "ምንም አላየሁም።"
ዘር ስድስት ዶላር፤ የኩሽና ቢላዋ ለመቁረጫ፤
የማጠቢያው ከበሮ፣ መቼም ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ለናና ሆነ ማስቀመጫ።

በአምስተኛው ቀን ጉልበቴ ሥር አንድ ነገር ጠጠረ።
ጡብ። ከአጠገቡ ሌላ ጡብ። ሣሩን ስገልጠው ተደረደረ።
ለካስ መንገድ ነበረህ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ድምፄ ወጣ፤
አምስት ሳንቲም ያልተከፈለበት መንገድ! ይህ ሀብት ከየት መጣ?
በመጥረጊያ ተከተልኩት፣ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቼ፣
ወደ አጥሩ በር ይወስደኛል ብዬ፣ ወገቤን ረስቼ።

አልወሰደኝም።
መሃል ላይ ዞረ። እንደ ሰካራም አይደለም፤ አገሩን እንደሚያውቅ ሰው ዞረ፤
ከጎረቤትህ አጥር ሥር ደርሶ፣ እዚያው ቀረ።

የኤሮል አጥር። ሃያ ሁለት ዓመት ስሙን አንሥተህ አታውቅም፤
በምን እንደተጣላችሁ ስጠይቅህ ያልከኝ "አላስታውስም"።
ሳንቃው ሌላ ቀለም ነው እዚያ ቦታ ላይ፤
የአንድ ሰው ትከሻ ያህል ስፋት፣ በኋላ የተመታ፣ ምስማሩ ገና የሚታይ።

ላቃናው አሰብኩ፤ ጡቡን አንሥቼ ወደ በሩ ልመራው።
ለአሸዋው ብቻ ሰባ ዶላር አለኝ ነጋዴው! የት አባቴ ላምጣው?
ድህነት ነው እንጂ ጥበብ አይደለም፤ እንዳለ ተውኩት፤
ነጩን ድንጋይ በግራ በቀኝ ደርድሬ፣ ላቬንደሩን በዳር በዳሩ ተከልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መዶሻ ሰማሁ። የኤሮል መጋረጃ ተከፍቷል፤
ምስማር ሲነቀል እንደ ዳክዬ ይጮኻል።
አንድ ሳንቃ ወደቀ። መጀመሪያ ባልዲ ገባ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ ሽማግሌው፤
በባልዲው ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ሥር፣ ከነጭቃው።
"የኔቪል ነው" አለ። "ያበደረኝ ነው፤ አሥራ ሁለት ነበሩ ያኔ።"
ሥር በሥር ቆጠርናቸው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከን፣ እሱና እኔ።
መቶ ሰባ ምናምን ስንደርስ ጠፋብን፤
እንደገና ጀመርን። መሸብን።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው፣ ወንድሜ፤ ሠላሳ ሦስት ዶላር ተርፎኛል።
እሾሁ ግን ከሥሩ አልሞተም፤ በጸደይ ይመለሳል፣ እጄን ይፈልጋል።
ፖስተኛዋም አሁን ገብታ ታንኳኳ ጀመር፤ ችግሩ፣ መንገዱ ይዟት ይሄዳል፤
የእኔን ደብዳቤ ኤሮል ቤት ያደርሳል።