የሚላጥ ስም

እኔ ስም ለጣፊ፣ እኔ ስም ላጭ ነኝ፤
በዊኒፔግ ሜዳ፣ ምድር ቤት ያለኝ
አንድ የመተኮሻ፣ ሦስት ማጠቢያ፣
ፊደል የሞላበት አሮጌ መሳቢያ።
ተጫዋች ሲፈርም ስሙን እተኩሳለሁ፣
ተጫዋች ሲሸጥ ስሙን እልጣለሁ፣
በመሃል የፈሰሰውን ላብ አጥባለሁ።

ሰው ይጠይቀኛል፣ አውቶቡስ ላይ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳይቀር፦
«እነዚህ ልጆች ግን ክለቡን ይወዱታል?
ወይስ ቼኩ ብቻ ያሯሩጣቸዋል?»
እኔ ምን አውቄ፤ የማውቀው ካልሲ ነው።
ካሜራ ያላየው እኔ ጋ ነው ያለው።

ሬንዞ ጎል ሲያገባ ወደ ጥጉ ሮጦ
አርማውን ይስማል፣ ማልያውን ጨብጦ።
ዶሪን የምትባል፣ ጡረታ የወጣች፣
ዝናብም በረዶም ከወንበሯ ሳታጣት፣ ያኔ አለቀሰች።
ሐምሌ ላይ ሳመው፤ ነሐሴ ላይ ሄደ።
ወኪሉ ደወለ፣ ቴክሳስ ወረደ።
አምስት ፊደል ብቻ! ባንድ ትንፋሽ ላጥኩት፣
እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ዶሪን በማግሥቱ ማልያዋን አመጣች፤
«አንሣልኝ ይሄን ስም» ብላ ቁጭ አለች።
«የማንን ልለጥፍ?» አልኳት።
«ባዶውን ተወው፤
ባዶ ጀርባ የትም አይሄድ፣ ማንም አይገዛው።»

ኮዋልቹክን ደግሞ ማን ልብ ይለዋል?
ተከላካይ ነው፤ ሲሳሳት ብቻ ስሙ ይጠራል።
የዚሁ ከተማ ልጅ። ክረምት፣ ወንዙ ሲረጋ፣
ሶፋና ፍሪጅ ያመላልሳል፣ ኪራዩን ሊያስጠጋ።
አርማ ስሞ አያውቅም፤ ሰው ፊት ያፍራል።
በዚያው በነሐሴ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣
ካልሲውን ስገለብጥ
ጣቱ ላይ የደረቀ ደም፣ እንደ ዝገት የጠጠረ።
ዘጠና ደቂቃ በተሰበረ አውራ ጣት ነበረ።
ለሐኪሙ አልነገረው፣ ለአሰልጣኙም ሸሽጎት፣
እኔም ዝም አልኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

ጣቱ ሳይድን፣ በመስከረም፣ ክለቡ አሰናበተው፤
አራት መስመር ኢሜል፣ «መልካም ዕድል» የሚል ያለው።
ታማኝ ነህ ወይ ብለው ልጁን ይጠይቃሉ፤
ክለቡን የሚጠይቁት የት ነው የሚውሉ?
ዘጠኝ ፊደል ነው የሱ። ስምንቱ ተላጠ፤
የመጨረሻው ጨርቁን ይዞ ቀረ፣ ተቦጨቀ።

ቁልፉን ሊመልስ መጣ፣ እያነከሰ፣
በእጁ ፌስታል ይዞ፤
ውስጡ ያ ካልሲ ነው። ከልብሱ ጋር ቤቱ ሄዶ ኖሮ
ራሱ አጥቦት፣ ጥንድ ጥንዱን አጣጥፎ።
«የክለቡ ንብረት ነው» አለኝ።
ሌላ አልተናገረም። እኔም ሌላ አላገኘሁ።

እኔስ?
ዳቦ ቤቱን በሰዓት አንድ ዶላር ብልጫ ትቼ የሄድኩ፣
የሆስፒታሉን አንሶላ ለዚህ ማልያ የለወጥኩ፣
ማን «ከሃዲ» አለኝ? ማን ስሜን ላጠ ከጀርባዬ?
አሁንም ሆቴሉ ይጠራኛል፣ ሁለት ዶላር ጨምሮ፤
ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ።

ትናንት ማታ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ።
ጨዋታው አልቆ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
ማጠቢያዎቹ ብቻ ሲያጉረመርሙ፣
ስልኬ በራ። ከሬንዞ ነው፣ ከቴክሳስ።
ሰላምታ የለው፣ ምን የለው፦
«አሸነፍን?»

ደግሜ አነበብኩት።
እሱ በራሱ ቋንቋ ነው የጻፈው፤
እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው
ጭራው ላይ አንዲት «ን» ተንጠልጥላ አገኘኋት።
ያን ቀን አምስቱን ባንድ ትንፋሽ ስልጥ
ይቺን አላየኋትም።
እንፋሎት የማይደርስበት ቦታ ነበረች።

«አንድ ለአንድ ወጣን» ብዬ መለስኩለት፤
የኔንም «ን» ጨምሬ፣
ቅጹ ኪሴ ውስጥ እንዳለ።