የአስተያየት ዓምድ

ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የአጥሩን ቁልፍ ከፍቼ፣
የዝናብ መስፈሪያውን ከቆመበት አንሥቼ፣
አጋድሜ አየሁት።
ባዶ።
ከታቹ አቧራ አለ፣ አንድ የጉንዳን ሬሳ፤
ሌሊቱን ሲያጓራ ያደረ ሰማይ ሁሉንም ረሳ።
መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ “ዜሮ ነጥብ ዜሮ፤
ደመና፣ ከስምንት አንድ እጅ፤ ነፋስ፣ የለም፣ ተሰውሮ።”
ከገጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ አለች አንዲት ጠባብ ቤት፣ “አስተያየት” የምትባል፤
ስድስት ዓመት ባዶ ናት። ማንስ ይጠይቃል?

ከወደቡ በኩል እንየው ይጣራል፤
የጀልባውን ሞተር በጨርቅ ይጠርጋል።
“መሣሪያሽ ምን ይላል?”
“ያንተስ ሐይቅ ምን ይላል?”
ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ አየሩ ላይ ሰቅሎ፣
ወደ ደቅ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ቀና ብሎ፣
“እንየው” ይለኛል።
ስሙ ነው፣ ወይስ መልሱ?
እናቱ ምን ዓይተው ይሆን፣ ይህን ስም ሲያለብሱ?
“ዘጌ ሎሚ ልጭን ነው፤ በዘጠኝ እመለሳለሁ፤
ደግሞ የምነግርሽ አለኝ፤ ያኔ እነግርሻለሁ።”

በስድስት ሰዓት ከተማው ይንጨረጨራል፤
ብልቃጡ ሠላሳ ሦስት አልፏል፤ አስፋልቱ የባጃጅ ጎማ ይስማል፤
ዘንባባው ቅጠሉን እንደ ሰባራ ዣንጥላ
አንጠልጥሎ ቆሟል፣ ራሱ ፈልጎ ጥላ።
የዝብነሽ፣ ጎረቤቴ፣ የፋሲካ ብቅሏን ሰሌን ላይ አስጥታ
ሰማዩን ትጠብቃለች፣ በአንድ ዓይኗ ብቻ ተኝታ።

ከጎርጎራ በኩል፣ የውኃውን ጠርዝ አቅፎ፣
አንድ ደመና መጣ፣ ጠብ እንዳማረው ሰው እጅጌውን አጥፎ።
መጀመሪያ ነፋሱ፣
የጃካራንዳውን ሐምራዊ በየመንገዱ አራግፎ፤
ቀጥሎ አቧራ፤ ከዚያ ጸጥታ፣ ትንሽ፤
ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠጠር፣ ሁለት…
“ብቅሌን!” አለች የዝብነሽ።

በረዶ ነው።
ሰሌኑን በአራት እጅ ጎትተን፣
ግማሹ ብቅል ፈስሶ፣ ከበሩ ሥር ተጨናንቀን፣
እሷ ሰማዩን ትራገማለች፤
እኔ ሐይቁን አያለሁ፤ ሐይቁ የለም፤ ነጭ ግድግዳ ቆማለች።
ስድስት ዓመት ዝናብ ሰፍሬ፣ ሚሊ ሜትር ቆጥሬ፣
አንድ ጀልባ የሚያሰጥም ስንት እንደሆነ አላውቅም እስከ ዛሬ።

ሩብ ሰዓት። ከዚያ፣ ምንም እንዳልሠራ፣
ጠብታው ገና ሳያባራ ፀሐዩ በላዩ እያበራ፣
“ጅብ ወለደች!” ይላሉ ልጆች፣ ጎርፉን እየዘለሉ፤
በረዶውን በጣሳ እየለቀሙ ይበላሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
ዘጠኝ ተኩል።
አንዱ ጫማዬ ከጭቃ፣ አንዱ ከውኃው እኩል።
ፔሊካኖች ተመለሱ፤ የደንገል ታንኳዎች ተመለሱ፤
“እንየውን አይታችሁታል?”
“እንየው” አሉኝ፣ ፊታቸውን እያበሱ።

በአሥራ አንድ፣ ከክብራን ጀርባ፣ የሞተር ሳል ሰማሁ፤
ሲያቋርጥ ትንፋሼ ቆመ፤ ሲቀጥል ቀጠልሁ።
ሸራው ላይ በረዶ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣
ሁለት ጆንያ ሎሚውን ለማዕበሉ ለቅቆ፣
ከቀረው አንዱን አነሣ፤ ሳይናገር ወረወረ፤
“ጥምቀት አልፏል እኮ!” ስለው፣ ደረቴን መትቶ ነጠረ።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት፣ መስፈሪያውን አጋድሜ፣
“አሥራ አራት ነጥብ ስድስት” አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ።
ከዚያ በዚያች ጠባብ ቤት፣ ስድስት ዓመት ባዶ በነበረች፣
አንድ ቃል ገባ፦ “ተመለሰ”። እጄ ናት የጻፈች።

ከቢሮ ተደወለ፦ “ማን ነው የተመለሰው?”
“ሰማዩ” አልኩ።
“ሰማዩ የሚባል ሠራተኛ አለን እንዴ?” አለ ሰውየው።

ሐይቁ ዛሬም መስታወት፤
ከደቅ በላይ ጥጥ የምታህል ደመና አለች፣ ማን ይመናት?
እንየው ሞተሩን ይጠርጋል፣ የጠረገውን መልሶ።
“መሣሪያሽ ምን ይላል?” አላለም፤ ድምፁ ወደ ጨርቁ አቀርቅሮ፣ አንሶ፣
“ከፋሲካ በኋላስ?” አለ።
ሎሚው ከኪሴ ነበረ፤ ልጣጩን በጥፍሬ ቧጠጥኩት።
ሽታው ወጣ።
“እንየው” አልኩት።