ሁለት ከረጢት ኖራ

በረዶው ከጣሪያው ተንጠባጥቦ ሲያልቅ፣
የሞራቪያ ጭቃ የቦቲ አንገት ሲያንቅ፣
ዝዴንካ ተነሣች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤
«ዘንድሮ ይህ ማድቤት ይታደሳል!» ብላ አወጀች።

እኔማ ልቤ ጓሮ ነው፤ አተሩ ገና አልተዘራ፣
መደቡ አልተኮተኮተ፣ አረሙ ቆሞ ሲኮራ።
ግን ማን ከእሷ ይከራከራል? መፋቂያ ሰጠችኝ፣ ያዝሁኝ፤
«ከምድጃው ጀምረህ ፋቅ» አለችኝ፤ ፋቅሁኝ፣ ፋቅሁኝ።

የግድግዳው ወረቀት እንደ ሽንኩርት ነበር፣
ልጣጭ ከልጣጭ ሥር።
መጀመሪያ የኛው ቢጫ፣ ዝንብ የጻፈበት፤
ከሥሩ ቡናማው፣ ብርቱካንማ ክብ ያለበት፣
አማቴ በሠርጋችን ዓመት ተሰልፋ የገዛችው
(ያኔ ምርጫ የሚባል የለም፤ የደረሰህን ነው)።
ከዚያ ሥር አረንጓዴ፣ ከዚያ ሥር ሰማያዊ አበባ፤
ከሁሉም በታች ልስኑ፣ ፀሐይ ሳያይ ያረጀ ካባ።

ኦንድራ ልጣጩን ተከናንቦ «ንጉሥ ነኝ» ይላል፤
ብላንካ በቀለም ጣሳ ሰላጣ ዘርታ «ነገ ይበቅላል።»

ድንገት ዝዴንካ ዝም አለች።
ዝምታ ልማዷ አይደለም። መሰላሉ ላይ ቆማ ቀረች።
ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ ልስኑ ላይ፣ በእርሳስ፣
የአባቷ የቦሁሚል እጅ፣ ጎበጥ ያለ፣ ጭራው ረዥም፦

«ምስማር፣ ሁለት ኪሎ — ተከፈለ።
መስታወት፣ አንድ — ተከፈለ።
ለአናጢው፣ አንድ ዝይ — ተከፈለ።
ከኦልድሪክ፣ ሁለት ከረጢት ኖራ —»

ከዚያ ወዲያ ባዶ።

ኦልድሪክ የአጥር ማዶው ሰው ነው። ነበረ፣ ማለቴ። ሞቷል።
ቦሁሚልም ሞቷል። ኮረብታው ላይ ሁለቱም በአንድ ሣር ሥር ተኝተዋል።
ቤቱን ልጁ ያሮሚር ወረሰ፤
እኛና እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምንለዋወጠው
ቀን ቀን የአንገት ንቅናቄ፣ ማታ ማታ የውሻ ጩኸት ነው።
ለምን? «እንጃ፤ አባቴ አይወዳቸውም ነበር» ትላለች ዝዴንካ፤
ምክንያቱ ከወረቀቱ ሥር ተለጥፎ ኖሯል ለካ።

«መልሰን እንለጥፈው» አልሁ። ቀልዴን ነበር።
አስተያየቷ ግን ልስን ይሰነጥቅ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከከተማ ገዝተን፣
ሁለት ከረጢት ኖራ ጋሪ ላይ ጭነን፣
ጎማው በጭቃ እየሰመጠ፣ ልጆቹ ከኋላ እየገፉ፣
በፊት ለፊት በር ሄድን። ዕዳ ይዞ በአጥር ቀዳዳ መሹለክ ነውር ነው።

ያሮሚር በፒጃማ ወጣ። ነገሩን ሰማ። ጋሪውን አየ።
አገጩን አከከ። ኦንድራን አየ። ሰማዩን አየ።
«አባቴ» አለ በመጨረሻ፣ «እስኪሞት ድረስ የሚለው፣
ሦስት ከረጢት ነው።»

ዝዴንካ ሣቀች። ሣቋ ጉልበቷን ከዳትና
ከረጢቱ ላይ ዘጭ አለች፤ ኖራው ቡን አለና
ሁላችንንም ዱቄት ቤት ያደርን አስመሰለን።
ያሮሚርም ሣቀ። ጥርሱን ያኔ ነው ያየሁት፤ አንዱ ወርቅ ነው።

በዚያው ኖራ፣ በዚያው ቀን፣ የሁለታችንንም ዛፎች ግንድ ቀባን፤
ልጆቹ ውሻውን ጨምረው ቀቡት።
ያሮሚር ሥሩ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የፕሪም ችግኝ አመጣ፤
«ስጦታ አይደለም» አለ፤ «ብድር ነው። ፍሬው ሲመጣ በባልዲ።»

አተሬን ዘግይቼ ዘራሁ። ዘግይቶ በቀለ።
የብላንካ ሰላጣ ጣሳውን ሞልቶ ቀደመው፣ እንዳለችው።
ማድቤቱ ነጭ ሆነ፤ ከመስኮቱ በስተቀኝ
ሁለት መዳፍ የሚያህል ልስን ሳይቀባ ቀረ።
ከአባቷ መስመር ጎን ዝዴንካ በእርሳስ
«ተከፈለ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም
«ለያሮሚር፣ አንድ ከረጢት —»

«ሰኞ ልግዛ?» አልኋት።
«ተወው፤ ይቆይ» አለች ብሩሹን እያጠበች፤
«ሁሉም ከተከፈለ፣ በምን ሰበብ ይመጣል?»

ውሻው ማታ ማታ ዛሬም ይጮኻል።