አራት ሴንቲ ተኩል

እናቴ ዲግና ካይሴዶ፣ በኤስሜራልዳስ ጠረፍ ተወልዳ፣
ጭቃ ታነብ ነበር፣ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰድዳ።
ባሕሩ ሲሸሽ፣ የማንግሮቩ ሥር ሲራቆት፣
ታንኳዋን ካንዱ ጉልበት አስራ፣
በቆርቆሮ የኮኮናት ገለባ አጭሳ፣ ለትንኙ መዓት፣
ትገባለች። እጇ ብቻ ያያል፤ ዐይን እዚያ አይሠራም።
ጣቷ ዛጎል ሲነካ ከፊቷ አውቃለሁ፤ እሷ አትናገርም።

ኮንቻ እንለዋለን፤ ጥቁር ነው፣ ቅርፊቱ ጥብቅ፣
ጨው ጠጥቶ የሚያድር፣ ካፉ ቃል የማይወድቅ።
ባንገቷ የምታንጠለጥለው ባለ ቀዳዳ እንጨት አለ፣
አራት ሴንቲ ተኩል።
በቀዳዳው ያለፈ ሕፃን ነው፤ ወደ ጭቃው ይመለሳል፤
ያላለፈ ከቅርጫት ይገባል፣ ደብተርና እርሳስ ይሆናል።

አንድ ቀን ርቦን ነበር፤ ቅርጫቱ ባዶ፤ እኔ በስምንት ዓመቴ
አንዷን ትንሿን ሰርቄ ኪሴ ስከት አየችኝ እናቴ።
አልመታችኝም። በአውራ ጣቴ ላይ መለኪያዋን አሾለከች ቀስ ብላ፤
«አየህ? አንተም ታልፋለህ። እደግ ብዬ ነው የተውኩህ»
አለች፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ።

ኋላ ዶዘር መጣ። የሽሪምፕ ገንዳ መጣ። ወረቀት መጣ።
ማንግሮቩ ወደቀ፤ ከሥሩ ሲኖር የነበረው ጥላ ወጣ።
መሬቱ አራት ማዕዘን ሆነ፣ ውሃውም አራት ማዕዘን፤
ሰማይ ሳይቀር ተቆራርጦ ታየ፣ በየገንዳው በመጠን።

እኔም አደግኩ። ቀጠሩኝ።
ጠመንጃ፣ ባትሪ፣ የውሃውን በር ቁልፍ ሰጡኝ።
«ሌባ ቢመጣ ተኩስ» አሉኝ።
ሌባ የሚሏት እናቴን ነበር።
በግድቡ ጥግ፣ በቀረችው ሲሶ ዱር
ስታልፍ ባትሪዬን አጠፋ ነበር።
ደመወዜን ስሰጣት ትቀበላለች፤ ትቆጥራለች፤
ግን ጨው እንኳ አትገዛበትም፤ በጣሳ ትከድናለች።

በስድስተኛው ዓመት ሽሪምፑ ነጭ ነጥብ አወጣ።
በጠዋት ተንሳፎ አገኘነው፤ ወፍ እንኳ ሊበላው አልመጣ።
ኢንጂነሩ ኖራ ዘራ፣ መድኃኒት ዘራ፣ ስድብ ዘራ፤
ከዚያ መኪናው ተነሣ፤ ሰው የለ፣ ስልኩም አይጠራ።
ገንዳው ቀረ፣ ሲገማ፣ ሲበሰብስ፤
ቁልፉ ወገቤ ላይ፣ የሦስት ወር ደመወዜ እነሱ ኪስ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ዶና ኔልፋ «ችግኝ እንትከል» ስትል
እናቴ ሳቀች፦ «ደግሞ ማንግሮቭ ማን ይተክላል?
ፍሬው እንደ ጦር ነው፤ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱ ይተከላል።
የጎደለው ባሕሩ ነው፤ ደጅ ቆሞ የቀረ እንግዳ፤
ክፈቱለት፤ መንገዱን ያውቃል፤ የራሱ ነው ይህ ጓዳ።»
ሁሉም ወደ ወገቤ አዩ።

ጨረቃ ሞልታ፣ ባሕሩ ከፍ ባለ ሌሊት፣
ዝገቱን በዓሣ ዘይት አርሼ ቁልፉን አዞርኩት።
ውሃው አልጮኸም። ገባ፣ እንደ ሰው ጫማውን አውልቆ፤
የቀድሞ ቤቱን ጥግ ጥጉን ዳሰሰ፣ ተጠንቅቆ።

አምስት ዓመት ሆነ። ሁሉም በቀለ እንዳልል፣
በምሥራቁ በኩል፣ ኖራው በተከመረበት፣ የለም አንድ ቅጠል።
በምዕራቡ ግን ችግኙ ወገቤን አልፏል፤
ሸርጣን ጉድጓዱን ምሷል፤ ነጭ ወፍ ውሎ ያድራል።
ሴቶቹ ተራ አውጥተዋል፤ ይህ ጥግ ዘንድሮ ይረፍ፣ ያኛው ይለቀም፤
ጠባቂው ዛሬም እኔ ነኝ፤ ጠመንጃ ግን የለኝም።

የእናቴ ጣት አልዘረጋ ብሏል፤ ቁርጥማት ነው፤ ከታንኳው አትወርድም፤
ጭቃ ውስጥ ስዳስስ ታየኛለች፣ አትናገርም።
ትናንት አንድ ነካሁ፣ ከገንዳው ወለል የመጀመሪያው።
አጠብኩት፤ ለካሁት፤ ሾለከ።
መዳፏ ላይ አኖርኩላት፤ አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣
በማትዘረጋ እጇ ጎንበስ ብላ፣ ለጭቃው መለሰችው።
«እደግ ተመንደግ» አለችው።
ከዚያ ወደኔ ዞራ «ራበህ?» አለች።
«አዎ» አልኩ።
መቅዘፊያውን አቀበለችኝ። ባሕሩ እየመጣ ነበር።