መቋሚያ

በጣርማበር ጉም ውስጥ መብራት በቀን በርቶ፣
ሹፌሩ መዘዞን በጥሩምባ ሸኝቶ፣
ሞላሌ ስወርድ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤
በር ላይ የቆመች ሴት "የማን ልጅ ነህ?" አለች።
"የየኔታ ልሳነወርቅ ተማሪ ነበርኩ" አልኳት፤
ድጓውን ጥሎ የሄደው መሆኔን ደበቅኳት።

ወሬው ቀድሞ ደርሶኛል፣ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፣
ከግብር መዝገብ መሐል ቀና ብዬ ሰምቻለሁ፦
ጉሮሯቸው ቆስሎ፣ ድምፃቸው ሻክሮ፣
እህሉ አልወርድ ብሎ፣ ውሃውም ተቸግሮ፣
አዲስ አበባ ድረስ ልጃቸው ወሰዳቸው፤
ወጣቱ ሐኪም ወረቀት አገላብጦ
ቁርጡን ነገራቸው።

ቁርጥ።
እርሳቸው ናቸው ያስተማሩን፣ ከዜማ ምልክት አንዱ ነው፤
ድምፅ ድንገት የሚቆምበት፣
ተማሪ ሁሉ የሚፈራው።
ማንቁርታቸው ወጣ።
አንገታቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ
ቀዳዳ ቀረ፤ መተንፈሻው በዚያ ሆነ።
ዋዜማ ሲቆሙ የማዶ መንገደኛ
ጭነቱን አውርዶ የሚያዳምጣቸው፣
ሲጠሩት አቤት ማለት እንኳ አቃታቸው።

ያ ብቻ ቢሆን።
ኅዳር ላይ ውርጭ ወርዶ ገብሱን አቃጠለ፤
ጥር ላይ ልጃቸው ጌጤነህ፣ ያ ደጋፊያቸው፣
ጓሳ ሊያጭድ ወጥቶ ከአፋፉ ተንከባለለ።
አንዱ "እግዜር ረስቷቸው ነው" አለ፤
አንዱ "ከአዋቂ ቤት፣ ዶሮ ይዘን" እያለ
በሌሊት አማለለ።
የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።
ሲደግምላቸው ተነሥተው በሩን ከፈቱለት።

ሌሊቱ የገብር ኄር ነው።
ከበሮው ተሰቅሏል፣ ጸናጽሉ ተከቷል፣
ጾም ነው፤ ለመቋሚያ ብቻ ተፈቅዷል።
መሪው አንድ ልጅ ነበር፣ ጺሙ ያላቀመቀመ፣
ጾመ ድጓውን ይዞ ፊት ለፊት የቆመ፤
ርክርኩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣
መሥመሩ ጠፋበት፣
ዜማው ተቋረጠ።

የቆርቆሮው ጣሪያ በብርድ ሲንቋቋ ይሰማል።
አንድ ሽማግሌ ያስላል።
ያኔ ከጥግ፣ ከምሰሶው ሥር፣
መቋሚያ ወለሉን መታ፦
አንዴ፤
ቆየት ብሎ ሁለቴ፤
ደግሞ አንዴ።
አወቅኩት። በዚያ ምት ነው እግሬ የተገራው፣
ሳዛንፍ ቁርጭምጭሚቴን እየተመታው።
እጃቸው ከባናው ወጣ፤ ሲሰቀል ይዘት ነው፣
ሲታጠፍ ድፋት፤
ልጁ ፊቱን አዞረ፣ ጣታቸውን አነበበ፣
የጠፋውን ሁሉ ከዚያ ለቀመ፣ ሰበሰበ፣
ዜማው ተነሣ።
ከአንገታቸው ጨርቅ ሥር ትንፋሽ ያፏጫል፣
እንደ ወናፍ፣ እንደ አሮጌ በር፤
ለምስጋናው የቀራቸው ያ ነበር።

ሲነጋ ደጀ ሰላም፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።
የልጅ ልጃቸው የሒሳብ ደብተር አለ፣ ግማሹ ባዶ፤
በእርሱ ነው የሚያወሩት።
"አልተቀየሙትም?" አልኩ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ እያየሁ።
ሞኝ ጥያቄ ነው። ግን ጠየቅኩ።
እርሳሱን ያዙ፦
"ተቆጥቼበታለሁ።"
ቆዩ። ከጓሳ በኩል የበልግ ደመና መጣ።
"ዛሬም አልበረደልኝ።
ግን ተቆጥቼ ከቤቱ ወጥቼ የማን ቤት ልግባ?
ልጄም እዚሁ ግቢ ነው የተኛው።"
ገጹን ገለጡ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ደግሞ ጻፉ፦
"ያኔ ድምፄን መውደዴን እና እርሱን መውደዴን
ለይቼ አላውቅም ነበር።
አሁን እየለየሁ ነው። ያማል።"

ልሄድ ስነሣ በመቋሚያቸው ጫፍ
ቁርጭምጭሚቴን ነኩ፤ ጫማዬ ላይ ጭቃ አለ፤
አንዴ፤ ሁለቴ፤ አንዴ። ፈገግታ በፊታቸው ዋለለ።

ይኸው ደብረ ብርሃን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ማንም ሳያይ እግሬ ያን ምት ሲቆጥር፣
አንዴ፤ ሁለቴ፤
ሦስተኛው ላይ እጠፋለሁ።
ደግሞ እጀምራለሁ።