ፍቅር ባይዘውስ?

በአርባ ብር ገዛሁት ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ሽፋኑ በፕላስተር ታስሮ እንደ ስብር።
የሩቅ አገር ልቦለድ፣ የሩቅ ዘመን ጭስ፣
መቶ ስልሳ ዓመቱ፣ ቢበልጥ እንጂ አያንስ፤
ንግሥት በዙፋኗ፣ ጥላሸት በከተማዋ፣
ሴት ልጅ በፋብሪካ፣ ሳል በጉሮሮዋ።

ሃያ ሰባት ዓመት ክር ስትቀጥል ኖራ
እናቴ አንጓች ዛሬ ከአልጋ፣ ከትራስ ጋራ፤
ጣና በዚያ በኩል እንቦጭ ተከናንቦ፣
ሽሮፑ በዚህ በኩል ከራስጌዋ ቀርቦ።
ማታ ማታ በአማርኛ እየመለስኩ ሳነብላት
ዓይኗን ከድና ትሰማለች፤ አራት ነጥቡን ሳል ነው የሚያኖርላት።

«ስንት መኪና ነው ልጅቱ የያዘችው?»
መጽሐፉ አይልም።
«ምሳዋንስ መቼ በላች?»
ይህንንም አይልም።
ስለ ዓይኗ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ይላል፣
ሰማያዊነቱ ከየት እንደመጣ ያትታል።

አንዲት ደግ ወይዘሮ ጓንቷን ሳታወልቅ
ከመሸመኛው መሀል ስትጠይቅ፣ ስትጠይቅ፣
ልጅቱም በረጅሙ ኑሮዋን ስታወጋት፣
እናቴ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረባት።
«መኪናው ቆሞ ነው? አልቆመም? ታዲያ ማን ሰማት?
እኛ እዚያ ውስጥ ጆሮ አልነበረንም፣ ከንፈር ነው ያነበብነው፤
ድምፃችንን ለዘበኛው በር ላይ አስረክበን ነው የገባነው።»

በመጨረሻ ጌታው ወይዘሮዋን ወደደ።
ልቡ ተለወጠ፣ ትዕቢቱ በረደ፤
ከጥጥ ክፍሉ ግንብ ላይ አንድ መስኮት አስበሳ፣
መጽሐፉ በሠርግ አለቀ፣ ቂሙ ሁሉ ተረሳ።
እኔ እንባ እንባ አለኝ። ጥሩ ተጽፏል፣ አልዋሽም።
መጽሐፉን ዘጋሁት። እናቴ ግን አልዘጋችውም።

«ፍቅር ይዞት ነው መስኮት የከፈተው?
ባይዘውስ?»
ከውጭ ባጃጅ አለፈ። ምን ልበል፣ ምን ልመልስ?

«የእኛን ማራገቢያ ያመጣው ፍቅር አይደለም፣ ልጄ።
አርባ ሴቶች ናቸው፣ የሌሊት ፈረቃ አንገባም ብለው
ዝናብ ላይ፣ ከበሩ ላይ የተቀመጡ።
ሦስቱ ተባረሩ።
ጥሩአየሁ። ማንጠግቦሽ። የዝብነሽ።
ጻፊው እስቲ፣ ከሠርጉ ጎን ቦታ ካለሽ።»
በእርሳስ ጻፍኩት። ኅዳጉ ጠባብ ነው፣
የመጨረሻዋ ስም ሙሽራዋ ላይ ወጣች።

ደግሞ «ያችን ገጽ መልሺልኝ» አለችኝ፣
ልጅቱ ማታ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ
እንዳትገባ፣ ሕፃኑ እንዳይስል ፈርታ፣
ከቅንድቧ ላይ ጥጡን ስትለቅም።
መለስኩላት። ዝም አለች።
«ይህንስ ያየ ሰው ነው» አለች። «ይህንስ አይቷል።»

እሁድ የዝብነሽ መጣች፣ ምርኩዟን ይዛ።
አንዷ ከአልጋው፣ አንዷ ከበርጩማው፣
ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣
አንዲት ድምፅ የለም።
ቆይተው እኩል ሳቁ።
እኔ መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ
ምን ተባለ? እላለሁ፤
የሚተረጉምልኝ የለም።