ብርቱካን የወጋ እጅ

ጉም ሐረጎን ውጦት፣ ሚኒባሱ አቃስቶ፣
ደሴ ገባሁ በጧት፣ ካመመኝ ወር ሞልቶ።
ሆዴ ተነፋፍቷል፣ መቀነት አይደርሰው፤
በስድሳ አራት ዓመት ምን ይላል የሚያየው?

ተራ ቁጥሬ ሠላሳ፣ ወንበሩ ቀዝቃዛ፣
አጠገቤ ነፍሰ ጡር፣ ብርቱካኗን ይዛ።
ላጠችው። ሽታው መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ዘለለ፤
ይመር ከነመርፌው ፊቴ ቁጭ አለ።

ይመር ያኔ ሾፌር ነው፤
የአሰብ መንገድ፣ የአፋር ሐሩር ያልበገረው፣
መርፌ ሲይዝ ግን እጁ አልታዘዘው።
ሸገር ያለች ነርስ እንዳሳየችው፣
ብርቱካን ገዝቶ ወጋው፣ ደግሞ ወጋው፣
ጭማቂው ሣህን እስኪሞላው፤
ከዚያ እኔን።
"አመመሽ?" ይላል።
"የለም" እላለሁ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣
የወጋኝን ቦታ በአልኮል አብሼ።

መድኃኒቱ ብርድ ይወዳል፤ ፍሪጅ ያላት ዘምዘም ብቻ፣
በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ።
"የስኳር ነው" አልኳት።
እሷም አምና፣ በየዒዱ ስጠራ፣
ሻዬን ለብቻ ቀድታ፣ ያለ ስኳር፣ መራራ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሻይ ጠጣሁ፤
እንደዚያ ነው የዋሸሁ፣ እንደዚያ ነው የተቀጣሁ።

ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ነበርኩ።
የተበጠሰ ክር፣ ማሽኑ ሳይቆም፣ በሁለት ጣት እቀጥላለሁ፤
የራሴን ግን፣ በየወሩ የሚበጠሰውን፣
ጫፉን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ።
አምስት ዙር። ከዚያ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ገንዘብ ነጠፈ፤
ይመር ቀሪውን መርፌ ቦርከና ዳር ቀበረና
አፈሩን በእግሩ ረገጠ፣ አለፈ።

"ደብሬ ሙሄ!"
ስሜ ተጠራ።

ዶክተር ኢክራም ልጅ ናት፤
ብወልድ ኖሮ የመጨረሻዬን ታክላለች።
"እናቴ፣ ስንት ወልደዋል?"
"አልወለድኩም።"
"ለመውለድ ብለው መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?"

ይመር ጦሳ ሥር አፈር ለብሷል፤ ዘምዘምም ሄዳለች፤
የዚያች ጥያቄ መልስ እኔ ጋ ብቻ ቀርታለች።
ነገርኳት።
"የመድኃኒቱ ስም?"
"ስሙን አላውቅም፣ ልጄ። ክዳኑ ሰማያዊ ነበር።"
ጻፈችው። "ሰማያዊ" ብላ ጻፈች።

"እሱ ነው እንዴ?" አልኳት፣ ሆዴን ይዤ።
"አይታወቅም፣ እናቴ። አንዱ ጥናት ይጠረጥራል፣ ሌላው የለም ይላል፤
ዕድሜም አለ፣ ዘርም አለ፤
አለመውለዱ ራሱም ይቆጠራል።"

ይቆጠራል?
አማቴ ቆጥራዋለች፣ በየሰርጉ ቤት፤
ጎረቤት ቆጥሮታል፣ በየክርስትናው ዕለት፤
ለካ ገላዬም፣ ረስቷል ብዬ ሳምነው፣
እንደ ባለሱቅ፣ የዱቤ ደብተር ይዞ ነው።

ማንን ልክሰስ? መርፌውን? ይመርን?
ወይስ ያንን ሐኪም፣ ካርቶኑን ሲሰጠኝ
ጀርባውን ያላነበበልኝ?
ደግሞ ቢነበብልኝስ?
በሠላሳ አራት ዓመቴ "በስድሳሽ ምናልባት" ቢሉኝ፣
ስድሳን ማን አይቶት!
እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እሰጣቸው ነበር።
ቢሆንም፣ መንገር ነበረባቸው።

ወረቀቱ ሰኞ ይደርሳል።
ስወጣ ያቺ ነፍሰ ጡር "እማማ፣ አፍዎን ያርጥቡበት" ብላ፣
ግማሽ ብርቱካን ሰጠችኝ፣ በሶፍት ጠቅልላ።

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ተገልጧል፤
ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ያበራል።
አንዷን ክፋይ አፌ ከተትኩ። ጎምዛዛ ናት።
ይመር ከጎኔ ያለ መሰለኝ፣ መሪ እንደያዘ፤
"አመመሽ?" አለኝ።
መዋሸት ደክሞኛል።
"አዎ" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፤ "ያኔም አሞኝ ነበር።"

ረዳቱ ዞር አለ።
"ወራጅ አለ እንዴ?"
"የለም፣ ልጄ። እኔ ገና ነኝ።"